አያ ፈንታ ያመኑት ጥይት

የአያ ፈንታን ሞት የነገረኝ ከገሳይ ድንች ጭኖ የመጣ ነጋዴ ነው። ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ካለችው የልብስ ስፌት ቤቴ በር ላይ ቆሞ፣ "አያ ፈንታ አረፉ እኮ፣ አልሰማህም?" አለኝ።

"ማን ነገረህ?" አልኩት።

"ምን ማን ነገረኝ አለው? ቀብር ነበርኩ።"

"አስከሬኑን በዓይንህ አይተሃል?"

ሰውየው ክፉኛ ደነገጠ። ጥያቄው ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ከማን እንደተማርኩት ትዝ ያለኝ። እንዲህ እየጠየቀ የሚኖር ሰው በሕይወቴ ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሳቸውም ያን ዕለት ሞታቸውን የሰማሁት አያ ፈንታ ነበሩ። የመስፊያ መኪናዬን አቁሜ፣ መቀሱን አስቀምጬ አለቀስኩ።

ገሳይ ሳለሁ ጎረቤታችን ነበሩ። እኔ መንገድ ዳር በረንዳ ላይ ስሰፋ፣ እሳቸው ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ይመለከቱ ነበር። አንድ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ነው ሰው የሚያዩት። ሌላው ሰው "ተኩስ ያስለመዳቸው ነው" ይላል፤ እኔ ግን ሁላችንም ላይ እያነጣጠሩ እንደነበር ነው የማምነው።

አያ ፈንታ የሚያምኑት ነገር አልነበረም። ጨው ሲገዙ ቀምሰው ነው። በግ ሲገዙ አፉን ከፍተው፣ ጆሮውን ገልብጠው፣ ሻጩንም "ለምን ትሸጠዋለህ?" ብለው ጠይቀው ነው። ቄሱ "ነገ በዓል ነው" ካሉ፣ ሌላ ደብር ድረስ ሄደው ሌላ ቄስ ይጠይቃሉ። ለእኔ ጨርቅ ሲያመጡ ደግሞ ቆርጬ እስክጨርስ ከአጠገቤ ንቅንቅ አይሉም።

"ሰይድ፣ አንተን ጠርጥሬ አይደለም" ይሉኛል፤ "ግን ጨርቅ በተፈጥሮው ይጠፋል።"

ባለቤታቸው እቴ ጥሩነሽ በዚህ ነገር ይስቁ ነበር። "ሳንጋባ ሽማግሌ የላኩብኝ እሳቸው፣ እሺ ስላቸው 'ለምን እሺ አለች?' ብለው መልሰው ሽማግሌ የላኩ እሳቸው" ይላሉ። አያ ፈንታም አያፍሩም። "ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር" ይላሉ። ከተናደዱ ደግሞ "ሰውን ማመን ቀብሮ ነው" ብለው ይነሳሉ።

ጥርጣሬያቸው ግን ክፋት አልነበረበትም። እናቴ ታማ በቃሬዛ ወደ ደብረ ታቦር ስትወሰድ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ከጎረምሶቹ ጋር እየተቀባበሉ የተሸከሟት እሳቸው ናቸው። እዚያ ሲደርሱ ግን ሐኪሙን ገና ከበሩ ላይ "አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ የት ነው የተማርከው?" ብለው ነው የተቀበሉት። ሐኪሙ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ከሁሉ አብልጠው የሚጠረጥሩት ጥይት ነበር። ደርግ በወደቀ ማግስት ባሉት ዓመታት ከተበተነው ሠራዊት እጅ የወጣ ጥይት በየገበያው ሞልቶ ነበር። አንዱ እርጥበት የገባው፣ አንዱ የዛገ፣ አንዱ ማን እንደነካካው የማይታወቅ ነው። አያ ፈንታ ለምንሽር ጠመንጃቸው ጥይት ሲያገኙ መጀመሪያ ያሸቱታል፣ ቀጥሎ ከጆሯቸው አስጠግተው ይነቀንቁታል፤ በመጨረሻ እኔ ጋ ይዘውት ይመጡና በመስፊያ መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ ያንከባልሉታል። ቀጥ ብሎ ከሄደ ይወስዱታል። ከተንገዳገደ "ይኸ ሰካራም ነው" ብለው ለባለቤቱ ይመልሱታል።

ጥይቱን የሚፈልጉት ለድኩላ ነበር። ከገሳይ በታች ባለው ገደል፣ ቁጥቋጦው ውስጥ ድኩላ ይውላል፤ ሲመሽ እየወጣ የገበሬውን ባቄላ ያወድማል። ዛሬ ድኩላ መግደል ያስከስሳል፤ ያኔ ግን ገበሬው መርቆ ነበር የሚሸኛቸው። ለዚህ ሥራ የሚይዙት ጫፉ ላይ እርሳሱ የተገለጠ አሮጌ የአደን ጥይት ነበር። ያ ጥይት ሥጋ ውስጥ ሲገባ አፉ ይከፈታል፤ ድኩላውን እቆመበት ይጥለዋል። አያ ፈንታም ሮጠው ይደርሱና፣ ገና ሲተነፍስ፣ በስመ አብ ብለው ያርዱታል።

ይህ መታረዱ ነው ዋናው ነገር። በክርስቲያኖቹ ሕግ ሳይታረድ የሞተ እንስሳ በክት ነው፤ በክት ያበላ ሰው ደግሞ ከሌባ ይከፋል፤ ሌባ የሚወስደው ንብረት ነው፣ እሱ ግን ሰውን ከቁርባን ያርቃል። አያ ፈንታ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበሩ። ጽዋው እሳቸው ቤት የሚጠጣበት ተራ ፍስክ ላይ ከዋለ የሚቀርበው የድኩላ ወጥ ነው፤ ማኅበርተኛው ያን ወጥ እያሰበ ወሩን ይቆጥር ነበር።

ታዲያ ያ የአደን ጥይት አለቀ። ቢፈልጉ፣ ቢያስፈልጉ፣ እስከ እብናት ገበያ ድረስ ቢያስጠይቁ ጠፋ። በዚህ መሀል በጦር ሠራዊት ውስጥ በዒላማ ተኩስ ሲወዳደር የኖረ አንድ የቀድሞ ወታደር ወደ ገሳይ ተመለሰ። ከዕቃው ውስጥ ለውድድር ብቻ የተሠራ፣ ጫፉ እንደ ወስፌ የሾለ፣ ለምንሽር የሚሆን ጥይት ነበረው። አያ ፈንታ አሸተቱት፣ ነቀነቁት፣ ጠረጴዛዬ ላይ አንከባለሉት። ቀጥ ብሎ ሄደ። ሌላውንም፣ ሌላውንም አንከባለሉ፤ አንድም የተንገዳገደ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ሰርግ ላይ ዒላማ ተተከለ፤ ከማዶ ካብ ላይ የተቀመጠች ነጭ ድንጋይ ነበረች። ጎረምሶቹ ተራ በተራ ሳቱ። አያ ፈንታ በዚያ ጥይት አንዴ ተኩሰው ድንጋይቱን አነሷት፤ ሌላ ተተካ፣ እሷንም አነሷት። ሰዉ ሲያጨበጭብ እሳቸው የቀረውን ጥይት በመሐረብ እየጠቀለሉ ወደ እኔ መጡ።

"ሰይድ፣ ይኸ ጥይት አይዋሽም" አሉኝ።

እኔ ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። አያ ፈንታ ስለ ሰውም ስለ ዕቃም እንዲህ ያለ ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ሕይወቱን ሙሉ ሲጠረጥር ኖሮ አንድ ቀን ማመን ሲያምረው፣ የሚያምነውን መምረጥ አይችልበትም መሰለኝ።

የሳቸውን ሥራ፣ መጠርጠሩን፣ የወሰደባቸው ላቀው ነው። ላቀው የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃና አስተናባሪ ነበር፤ እርሻው ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ድሮ ተኩስ ሲሰማ፣ በሬዎቹን ሁለት ሦስቴ ሳያመላልስ አያ ፈንታ ሥጋቸውን ተሸክመው ብቅ ይላሉ። አሁን ግን ጥይቱ ማለዳ ይጮኻል፣ አያ ፈንታ የሚወጡት እሱ በሬ ፈትቶ ምሳውን በልቶ ሲያበቃ ሆነ። አንዴ ታገሠ፣ ሁለተኛ ታገሠ። ከዚያ ገበያ መሀል፣ "ያን ሁሉ ጊዜ ገደል ውስጥ ምን ይሠራሉ? መቼም ድኩላው ተመትቶ ቆሞ አይጠብቃቸው" አለ። ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ጥያቄ ነው የጠየቀው። ወሬው ግን በሳምንቱ በየቤቱ ገባ። እቴ ጥሩነሽ ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ጀመር።

ከዚያ የአያ ፈንታ ተራ ደረሰ። የሆነውን ኋላ የነገሩኝ እቴ ጥሩነሽ ናቸው። ማኅበርተኛው እንደ ወትሮው መጣ፣ ጸሎት ተደረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። ወጡ ሲቀርብ ግን ማንም እጁን አልሰደደም። አንዱ ሆዱን አመመው፤ አንዱ ስእለት አለብኝ አለ፤ አንዱ እጁን ታጥቦ እንዳልታጠበ ሆኖ ደጋግሞ ይጠርጋል።

አያ ፈንታ ዙሪያውን አዩና፣ "ምን ሆናችኋል? ወጡ ጨው በዛበት?" አሉ።

በመጨረሻ ላቀው ተናገረ። "አያ ፈንታ፣ አይቀየሙኝ። ጥይትዎ ከጮኸ በኋላ የሚቆዩት ነገር አላማረኝም።"

"በክት አበሉን ነው የምትል?"

"አላልኩም። ጠረጠርኩ ነው ያልኩ።"

"በዚህ አገር ከእኔ ሌላ የሚጠረጥር አለ እንዴ?" አሉ አያ ፈንታ፤ ግን ማንም አልሳቀም።

የማኅበሩ ቄስ፣ ቄስ አዱኛ፣ ነገሩ እንዳይከር ብለው ገቡ። "ፈንታ ሲያድን አብሮ ወርዶ የሚያይ ሰው ይኑር። ድኩላው ሳይሞት በነፍሱ ደርሶ የሚያርድ ከሆነ ሁላችንም ይቅርታ እንጠይቀዋለን።"

"ካልሆነስ?" አለ ላቀው። "ካልሆነ ጽዋው ከዚህ ቤት ይወጣል። እኔም ብሆን ከዚህ ቤት እህል አልቀምስም።"

ጓዳ ሆነው የሚሰሙት እቴ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ። በእኛ አገር ከቤትህ እህል አይቀመስም ከተባልክ ቆመህ ተቀበርክ ማለት ነው።

ምስክር ማን ይሁን ሲባል ሌላ ጥርጣሬ ተነሣ። የአያ ፈንታ ወዳጅ ቢሄድ ላቀው አያምንም፤ የላቀው ወገን ቢሄድ አያ ፈንታ አያምኑም። በመጨረሻ ቄስ አዱኛ፣ "ሰይድ ይሂድ" አሉ። "እሱ እስላም ነው፤ የእኛን ሥጋ አይበላም። የሚያዳላበት ሆድ የለውም።" በዚህ ብቻ ሁሉም ተስማማ። የስፌት ክር አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ጠርተውኝ፣ በሰው ሃይማኖት ላይ ምስክር ሆኜ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወረድን። ጤዛው እግራችንን አራሰው። አያ ፈንታ ከፊት መሆን ትተው ከጎኔ ነበር የሚሄዱት።

"ከኋላዬ ብትሆን አላየሁም ትላለህ" አሉኝ።

"አልልም አያ ፈንታ።"

"ላቀው ትናንት ምን አለህ?"

"ምንም አላለኝም።"

"ሱሪ ሊያሰፋ አልመጣም?"

"ኧረ አልመጣም።"

"ይምጣና ታያለህ" አሉ። እኔ ሳቅኩ፤ እሳቸው ግን ፊታቸው እንደከበደ ነበር። ሌሊቱን እንዳልተኙ ከዓይናቸው ያስታውቃል።

ድኩላው ከባቄላው ማሳ ጫፍ ላይ ቆሞ አገኘነው፤ ወንድ ነው፣ ጀርባው ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለው። አያ ፈንታ ድንጋይ ተደግፈው አለሙ። ከንፈራቸው "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" ሲል አየሁ። ተኮሱ። ድኩላው ዝንብ የነደፈው ያህል ቆዳውን ነቀነቀና፣ ቀስ ብሎ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

"ሳቱት" አልኩ።

"አልሳትኩም። ከብብቱ ሥር ነው የገባ።"

እውነታቸውን ነበር። ከቆመበት ስንደርስ ቅጠል ላይ አንድ የደም ጠብታ አገኘን። ከዚያ ወዲያ ግን ብዙ ርቀት ምንም የለም። ጥይቱ ወግቶ፣ አልፎ፣ ቀዳዳውን ትቶ ሄዷል፤ ድኩላው በልቡ እየሞተ በእግሩ ግን እየሄደ ነው። ድንጋይ እየገለበጥን፣ ቅጠል እያየን፣ ገደሉን ወረድን። ፀሐይዋ ከፍ አለች። የቀጋው እሾህ ጋቢዬን ይዞ ሲያስቀረኝ፣ አያ ፈንታ በዚያ ሽምግልናቸው እየዘለሉ ወረዱና ከዓይኔ ጠፉ።

ሳገኛቸው ድኩላው ሥር ተንበርክከው ነበር። ቢላዋው ከአፎቱ አልወጣም። የሣር አገዳ ይዘው የድኩላውን ዓይን ብሌን በጫፉ ነካ ያደርጋሉ። ነፍስ ያለው እንስሳ ዓይኑን ሲነኩት ይርገበገባል። ይኸኛው አልተርገበገበም።

"ሰይድ፣ አንተ ንካው" አሉኝ፤ "እጄን አላመንኩትም።"

ነካሁት። ምንም የለም። ሰውነቱ ግን ገና ትኩስ ነበር።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "በእኛ ቢሆን የፈጣሪን ስም ጠርተው ተኩሰዋል፤ ይበቃ ነበር" አልኩ።

"በእናንተ ነዋ" አሉ። የሣሩን አገዳ ጥለው፣ "ሰይድ፣ የበፊቶቹን ዓይናቸውን አልነካሁም" አሉኝ።

አልገባኝም። "የትኞቹን?"

"በዚህ ጥይት የመታኋቸውን። እንዲህ ስባዝን ውዬ ነው የደረስኩባቸው። ተኝተው አገኛለሁ፣ ትኩስ ናቸው፣ አንገታቸውን ስቆርጥ ደም ይፈሳል። በነፍሳቸው ደረስኩ ብዬ አመንኩ።" ድኩላውን በእጃቸው አመለከቱ። "ይኸንንም ብቆርጠው ይፈሳል እኮ። አሁን ብቆርጠው ደሙ ይፈሳል፣ ሰይድ።"

ፊታቸውን አየሁ። ስንት ዘመን በሰው ሁሉ ላይ ሲያዞሩት የኖሩትን ያን ጠባብ ዓይን ያን ጊዜ ወደ ራሳቸው አዞሩት። ሰው በራሱ ላይ እንደዚያ ሲጨክን አይቼ አላውቅም። አዘንኩላቸው። ድኩላውን ለአሞራ ትተን አብረን ወጣን።

ማኅበርተኛው ከቤታቸው ተሰብስቦ ይጠብቀን ነበር። ባዶ እጃችንን ስንገባ ላቀው ቀና አለ። ቄስ አዱኛ ወደ እኔ ዞረው "እህሳ፣ ሰይድ?" አሉኝ።

አፌን ስከፍት አያ ፈንታ ቀደሙኝ። "የዛሬውን ሰይድ ይነግራችኋል። ሞቶ ነው ያገኘነው፤ አላረድኩትም። የበፊቶቹን የሚያውቅ ግን ሰይድ አይደለም፣ እኔ ነኝ።" ከዚያ ቆመው እንዳሉ ሁሉንም ነገሯቸው፤ የድኩላዎቹን ዓይን እንዳልነኩ፣ ደሙን አይተው እንዳመኑ፣ ጥይቱን እንዳመኑ። "በነፍሳቸው ደርሼ ይሆናል። አልደረስኩም ይሆናል። ጠረጠርኩ። እናንተም በክት እንደበላችሁ ቁጠሩት" አሉ።

ከጓዳ የእቴ ጥሩነሽ ልቅሶ ተሰማ። አያ ፈንታ የጽዋውን ማኅደር ከተሰቀለበት አውርደው፣ ተሳልመው፣ ለተከታዩ ተረኛ በእጃቸው ሰጡ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው ሰውን እንድጠረጥር ያደረገኝ። ቄስ አዱኛ የበላ ሁሉ ቀኖና ይቀበል አሉ፤ ጾምና ስግደት ማለት ነው። ማኅበርተኛው በሙሉ፣ ላቀውም ራሱ፣ ጉልበቱ እስኪላጥ ሰገደ። ትናንት እውነቱ ይውጣ ብሎ የጮኸ ሁሉ፣ እውነቱ ሲወጣ "ምናለ ዝም ቢሉ?" ማለት ጀመረ። ላቀው እያነከሰ በረንዳዬ ላይ መጥቶ፣ "ሰይድ፣ እኛ የዛሬውን ብቻ ነው የጠየቅናቸው፤ የበፊቱን ማን ጠየቃቸው?" አለኝ። ያን ቀን ሱሪም አሰፍቷል፤ ለአያ ፈንታ ግን አልነገርኳቸውም።

ያ ዘመን ለዚያ ቤት ክፉ ነበር። በበዓል እቴ ጥሩነሽ ለጎረቤት የሚልኩት ድፎ ዳቦ "እግዜር ይስጥልን፣ ጠግበናል" እየተባለ እንደተሸፈነ ይመለስ ነበር። አያ ፈንታ ምንሽሩን ሸጡ፣ ከደጃፋቸው መቀመጥ ተዉ። ሰው ሰላም ሲላቸው ብቻ ቀና ይላሉ። መጠርጠር እንኳ ተዉ፤ ጨርቅ አምጥተው "አንተ እንደፈለግህ ቁረጠው" ብለውኝ ሲሄዱ ያን ጊዜ ነው በእውነት የታመሙ የመሰለኝ።

ዓመት ካለፈ በኋላ ላቀው ልጁን ዳረ። ድንኳኑ ተተከለ፣ የሰርጉ በሬ ተጣለ፣ እጅና እግሩ ታሰረ። ለእኛ ለሙስሊሞቹ እንደ ወጉ ለብቻችን በግ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እኛም ወደ ዳር ተቀምጠናል። አያ ፈንታ ጥሪው ስላስገደዳቸው መጥተው፣ ከማኅበርተኛው ርቀው ከእኔ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። በየሰርጉ የሚያርደው ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ሲቀርብ ላቀው አስቆመው። ቢላዋውን ተቀብሎ፣ ሕዝቡን አቋርጦ፣ ከአያ ፈንታ ፊት መጣና በሁለት እጁ ዘረጋላቸው።

"አያ ፈንታ፣ በሬውን ይባርኩልኝ።"

"ሌላ ሰው ጠፋ?" አሉ።

"ሞልቷል። የማምነው ግን እርስዎን ነው።"

አያ ፈንታ ቢላዋውን አዩ፣ ላቀውን አዩ፣ ከዚያ ያ አንድ ዓይናቸው ጠበበ። ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብለው፣ "ሰይድ፣ ይኸ ሰው ተንኮል ይኖርበት ይሆን?" አሉኝ። ስሰማቸው ከደስታ ብዛት ሳቄም እንባዬም አብሮ መጣ።

"የለበትም አያ ፈንታ" አልኳቸው።

ተነሡ። ቢላዋውን ተቀበሉ፤ ድምፃቸውም "በስመ አብ" ሲሉ ከድንኳኑ ውጭ ድረስ ተሰማ። ያን ቀን ጉልበቱ የተላጠውም፣ ድፎ ዳቦ የመለሰውም፣ ገሳይ በሙሉ ከአያ ፈንታ እጅ በላ። ያልበላነው እኛ ሙስሊሞቹ ብቻ ነን፤ እኛንም የከለከለን ሃይማኖታችን እንጂ ጥርጣሬ አልነበረም።